በሁዳዴ ጥብስ ጥብስ የሸተተች እህቴ

ሁዳዴ ሲገባ እኔ ሥራ ፈት ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የበግ ጥብስ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፤ ጾም ሲይዝ ቤቱ ይዘጋል፣ ባለቤቱ ቢላዎቹን ዘይት ቀብቶ ይጠቀልላል፣ እኛንም እስከ ፋሲካ ያሰናብተናል። ስለዚህ እህቴ ስትደውል የማስፈቅደው ሰው አልነበረም።

እህቴ አስናቀች የምትኖረው ሐይቅ ነው። ከዚያ በመኪና በሚደረስ አንድ ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ናት። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም፤ እንዳልጽፍ አስምላኛለች። ሌላ መሐላ አፍርሼባታለሁና ይህንን እንኳ ልጠብቅላት።

በስልክ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ «አማቴ ቤዛን ወስዳብኛለች። እሑድ አምባሰል ሽማግሌ ይቀመጣል። ከኛ ወገን ሰው ያስፈልጋል፣ ነይ።» ቤዛ ገና ትምህርት ቤት ያልገባች አንዲት ልጇ ናት። አባታችን የለም፣ ወንድም የለንም፣ እናታችን በጉልበቷ ምክንያት ከግቢ አትወጣም። ወገን ማለት እኔ ነኝ።

«ምን አድርገሽ ነው?» አልኳት።

«ስትመጪ» አለችና ዘጋችው።

ረቡዕ

ውርጩ ሳይለቅ ተነሳን። የእኛ አገር ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፤ ቢሆንም አየሩ ንጹሕ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ግን ሰዉ ሁሉ በጋቢና በሻርፕ ተጠቅልሎ፣ መስኮቱ ሁሉ ግጥም ብሎ ተዘግቶ፣ አንዱ የአንዱን ትንፋሽ እየተቀበለ ነው የሚጓዘው። የእኔን ትንሽ ከፈት ሳደርገው ከኋላዬ የተቀመጠ ሰውዬ እጁን በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ዘጋው።

«ምነው?» አልኩት።

«ምች ልታስመቺን ነው እንዴ?»

«ታፍነን ከምንሞት ምች ይምታን።»

«አንቺን ይምታሽ፣ እኔ ልጆች አሉኝ።»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ መልሼ ከፈትኩት። እሱም መልሶ ዘጋው። ስሜ ትዕግሥት ነው። ስሜን የሚሰማ ሁሉ ይስቃል፤ እናንተም ሳቁና እንቀጥል።

ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ከፊታችን አንድ ከባድ መኪና ጥቁር ጭስ እየተፋ ይንፏቀቅ ነበር። ያኔ ሁሉም በአንድ አፍ «ዝጉ! ዝጉ!» አለ። እኔም ዘጋሁ። ከሰውዬው ጋር የተስማማነው እዚያ ጨለማ ውስጥ ብቻ ነው።

ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ስለነበር የተሳፈረው ሁሉ ጾመኛ ነው። ሾፌሩ አንድ መዝሙር ካሰማን በኋላ አንድ መንዙማ እየከፈተ ማንንም ሳያስከፋ ወሰደን። ወደ ደብረ ሲና የሚያወርደው ጠመዝማዛ ላይ ፌስታል ጠየቅሁ። አጠገቤ የነበረች የከሚሴ ሴት ከቦርሳዋ ሎሚ አወጣች፣ ቅርፊቱን በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አድርጋ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። «አሽትች እህቴ፣ አሏህ ያቅልልሽ» አለችኝ። እሷ ራሷ ውሃ እንኳ በአፏ አልዞረም። ከሚሴ ስትወርድ ሎሚውን እጄ ላይ ጥላልኝ ሄደች።

ኬላ በመጣ ቁጥር ወርደን ተፈተሽን። ለእህቴ የያዝኩትን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አንድ ፈታሽ ዘርግቶ አራገፈው፣ አቧራው ላይ። ቆሽቴ አረረ፤ ግን ጠመንጃ የያዘ ሰው ላይ አፌን አልከፍትም፣ ያን ያህል እብድ አይደለሁም።

ደሴ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ውሃ የለውም፤ አስተናጋጇ በቢጫ ጀሪካን አምጥታ «ይህቺ ለፊትሽም ለእግርሽም ናት፣ አብቃቂያት» አለችኝ። እኛም ዘንድ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ግን እኛ ቢያንስ እናማርራለን። ሽሮዋ ግን ጥሩ ነበር፤ ቃሪያው አስለቀሰኝ።

ሐሙስ

ከደሴ ሐይቅ ቅርብ ነው። ሐይቅ የከተማውም የውሃውም ስም ነው፤ ሰዎቹ «ሐይቅ ሐይቅ» ሲሉ መጀመሪያ የሚንተባተቡ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ ሐይቅ የተባለው ሐይቅ ማለታቸው ነው። ያላያችሁት ካላችሁ፣ ተራራ መሐል የተቀመጠ ሰፊ ውሃ ነው፣ ዳሩ ሁሉ እርሻ። ውሃው ዳር ወዳለው ገዳም ሴት አይገባም አሉኝ። ዓሣ አጥማጆቹን በሩቁ አይቼ ተመለስኩ።

እህቴ የተከራየችው ከእትዬ ዘሀራ ግቢ ነው። እትዬ ዘሀራ ልብስ ነጋዴ ናቸው፤ ድምፃቸው ከአጥር ያልፋል። «የአስናቀች እህት አንች ነሽ? ተየት ነው እንዲህ ኩምትር ብለሽ የመጣሽ?» አሉና ብርድ ልብሱን ከእጄ ተቀብለው የኬላውን አቧራ አራገፉልኝ።

አስናቀች ከሥራ የተመለሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ሮጬ አቀፍኳት። ፊቴ ፀጉሯ ውስጥ ሲገባ ክው አልኩ።

ጥብስ።

ጥብስ አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ስብ እሳት ላይ ሲንጠባጠብ፣ ሥጋ ዳር ዳሩ ሲያር፣ ያልተነጨ ጠጉር ሲለበለብ እንዴት እንደሚሸት ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ። እህቴ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማትቀምስ ጾመኛ ናት።

«አስኒ፣ በሁዳዴ ጥብስ ከየት አገኘሽ?» አልኳት።

ከእቅፌ ወጣችና አየችኝ። ዓይኖቿ ቀልተዋል። «አንቺም?» አለች። ከዚያ ሳል ያዛት፤ ደረቅ ሳል፣ ወገቧን የሚያጥፍ።

ስትጨርስ ነገረችኝ። ሐኪሙ ሲቀድ ደም የሚፈስበትን ሥር የሚዘጋው በኤሌክትሪክ በሚግል እንደ ብዕር ያለ መሣሪያ ነው፤ ኮተሪ ይሉታል። ሥጋ ሲነካ ይጠብሰዋል፣ ጭስ ይወጣል። እህቴ መሣሪያ አቀባይ ስለሆነች የምትቆመው ከሐኪሙ ፊት ለፊት ነው፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ፊቷ ይመጣል። አየሩን የሚያወጣው ማሽን ከተበላሸ ቆየ። መስኮት አይከፈት ነገር፣ ዝንብና አቧራ ቁስል ላይ ይገባል።

«ማስክ አታደርጉም?»

«ማስኩ የኛን ምራቅ ከበሽተኛው ይከለክላል እንጂ ጭሱን ከኛ አይከለክልም። ያ ጭስ ውስጥ ያለውን ብታውቂ፤ መርዝ አለበት፣ የደም ብናኝ አለበት፣ የበሽተኛው ተዋሲያንም ሊኖርበት ይችላል።»

ድሮ ገላዋን ታጥባ፣ ፀጉሯን ፈትታ አጥባ ነበር የምትወጣው። የሆስፒታሉ መታጠቢያ ውሃ ከጠፋ ወዲህ ግን እንዳለች ትመጣለች። አማቷ እማ ይመኙሻል ልጅ ሊጠብቁላት ከአምባሰል ወርደው የከረሙት በዚህ መሐል ነው፤ ሁዳዴ ሲገባ። ማታ ማታ ምራታቸው ሥጋ ሥጋ እየሸተተች ትገባለች። አንድ ቀን ዝም አሉ፣ ሌላም ቀን ዝም አሉ፣ ከዚያ «ጾም በሚሻርበት ቤት የልጄ ልጅ አታድግም» ብለው ቤዛን አዝለው ወጡ።

«ታዲያ ንገሪያቸዋ! ደሳለኝስ? ምን አፉን ይዞት ነው?»

ደሳለኝ ባሏ ነው፣ መምህር፤ ለሽማግሌው ጉዳይ ቀድሞ እናቱ ዘንድ ወጥቷል። ያውቃል። ገና ሲጋቡ ጀምሮ ያውቃል። «ሥጋ በልቻለሁ በይና ይለቅ» ብሏታል፤ «ንስሐ ገብተሽ ነገሩ ያልቃል፣ እናቴ ይህን ሌላውን ከምትሰማ።» እህቴም እሺ ብላለች። የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄዳ ያልበላችውን ሥጋ በልቻለሁ ብላ ስግደት ታዞላት በዚያ ሳሏ ወድቃ እየተነሳች ስትሰግድ ከርማለች። እሑድ ሽማግሌ ፊት በአፏ ታምናለች፣ ልጇን ትቀበላለች። ይኸው ነው ነገሩ።

የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ደሳለኝን የሰደብኩት ስድብ ወረቀት አይችለውም።

«ዓሣ ነው በያቸው ቢያንስ!» አልኩ መጨረሻ ላይ። «ሐይቅ አይደል ያለሽው?»

ሳቀች፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። «የዓሣና የሥጋ ሽታ የማይለይ ሰው አለ?» ከዚያ እጄን ያዘችና «እሑድ ዝም ትያለሽ። ማይልኝ» አለች። ማልኩላት።

ለአፍጥር እትዬ ዘሀራ ጠሩን። ሳምቡሳውን ለሁለት ሰሃን ከፍለውታል፤ «ይኸኛው በምስር ነው፣ ለናንተ ብዬ ለየሁት፣ በዘይት ነው የተጠበሰው፣ ወላሂ ቅቤ አልነካውም» አሉ። ሆዴ ሲጠግብ አፌ ተፈታና ስለ ሽታው ያውቁ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ኧረ እንዴት አላውቅ! እኔማ ያረገዘች መስሎኝ!» አሉ። «አማርቷት ተደብቃ ትበላለች፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ ምን ይፈረድባታል ብዬ ለሰው እንዳይሸት በሩ ላይ ዕጣን አጨስኩላት እንጅ!» አስናቀች ቀና ብላ አየቻቸው። ጠላቱም ወዳጁም እኩል አምኖባት ነበር ለካ። እትዬ ዘሀራ እውነቱን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፣ ከዚያ ያንኑ የምስር ሳምቡሳ በሙሉ ወደ እሷ ገፉት። «ብይ። ብይ አንች ልጅ።»

ዓርብ

ካላየሁ አላምንም ብዬ አብሬያት ሄድኩ። ኦፕራሲዮን ክፍል አያስገቡም፣ ትክክል ናቸው። ኮሪደሩ ላይ፣ በሽተኛ አስገብተው ከሚጠብቁ ቤተ ሰቦች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ከመብራቱ ሥር ሰማያዊ ጭጋግ አያለሁ፤ ማለዳ እኛ አገር በረሳ በሚባለው ወንዝ ላይ እንደሚተኛው ዓይነት። እኛ ጥብስ ቤት ውስጥ እንኳ ይህ የለም። ጎረቤት ከሶ ባለቤቱን ከምጣዱ በላይ ትልቅ ጭስ ማውጫ አሠርቶታል። የበግ ጭስ መውጫ አለው።

ትንሽ ቆይቶ ሽታው ኮሪደሩን ሞላው። አጠገቤ የነበረች ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ባሏ ነው ውስጥ ያለው።

«ኧረ ምን ዘመን ነው? በሁዳዴ፣ በዓርብ ቀን፣ ሆስፒታል ውስጥ ሥጋ ይጠብሳሉ?»

«የሐኪሞቹ ክበብ ይሆናል» አላት አንድ ሽማግሌ። «እነሱ ምን ጾም አላቸው።»

«እግዜር አይወደውም። የኔ ሰውዬ ነፍሱ ተይዞ እነሱ ይጠብሳሉ!»

ወደ እኔ ዞረች፣ እንድስማማላት። ምን ልበላት? ያሸተትሽው እሱኑ ነው ልበላት? ተነስቼ አስተዳዳሪው ቢሮ ሄድኩ። እህቴ ለምን በሽማግሌ ፊት ውሸት ማመን እንደመረጠች የገባኝ በዚያች ሴት ፊት ነው፤ ንዴቴ ግን አልበረደም፣ አቅጣጫ ብቻ ነው የቀየረው።

አስተዳዳሪው መልከ መልካም፣ ሽቶ የተቀባ ሰው ነው። የእህቴን ስም አልጠራሁም፤ «እዚህ የሚሠራ ዘመድ አለኝ» አልኩት፣ ስለ ጭሱ ተናገርኩ።

«ማሽኑ ተጠይቋል» አለ። «በሂደት ላይ ነው።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ እንግዲህ እየሠራን ነው። ሰው ይድናል አይደል?»

«የደም መምጠጫውን ቱቦ ጭሱ አጠገብ የሚይዝ አንድ ሰው ቢጨመር ብዙውን ይስበው ነበር ይላሉ።»

«ሰው ከየት ላምጣ?» አለና ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ሳቀ። «ስሚ እህቴ፣ የወሎ ሴት ደግሞ መቼ ነው ጭስ የፈራችው? ወይባ እየታጠነች አድጋ? ጭስ እኮ ለኛ አገር ሴት መድኃኒት ነው!»

ጸሐፊዋም ሳቀች፤ ሥራዋ ነው።

«ወይባ የምትታጠን ሴት» አልኩት፣ «ከአንገቷ በታች ጋቢ ለብሳ ነው የምትቀመጠው። ጭንቅላቷን ውጭ ታደርጋለች። ጭሱን በቆዳዋ ነው የምትሞቀው፣ እናንተ ግን በሳንባዋ ነው የምታስሞቋት።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ፣ ዓይኑ ግን ጠፋ። «ዘመድሽ ማን ናት?» አለኝ። አልነገርኩትም። በሩን ዘግቼ ሳይሆን በርግጄ ወጣሁ፤ ይናፈስ።

ቅዳሜ

ወደ ውጫሌ በሚኒባስ ሄድን። አስናቀች ልብሷን ሁለት ጊዜ አጥባ፣ ፀጉሯን በእትዬ ዘሀራ ሳሙና ፈትጋ ነው የመጣችው። ውጫሌ የገበያ ቀን ነበር፤ ፍየል የሚነዳ፣ ማሽላ የጫነ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ባጃጁ ወደ መንደሩ በሚወስደው ኮረኮንች ላይ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን ሳይሆን እኔን ገላመጠኝ።

«ምን አየኸኝ?» አልኩት።

«ሚዛን አልጠበቅሽማ!»

የደብረ ብርሃን ባጃጅ ሾፌር ሲሳሳት ቢያንስ መንገዱን ይወቅሳል። የቀረውን በእግራችን ወጣነው። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፣ ዳገት አይከብደኝም፤ እህቴ ግን በየመታጠፊያው ቆማ ስትስል ገደሉ ሳሏን መልሶ ይስልባታል። ግሸን በወዲያ በኩል ናት አለችኝ፣ በእጇ እያመለከተች፤ ትንፋሽ ለመሰብሰብ እንደሆነ አውቄ ስለ ግሸን ብዙ ጠየቅኋት።

ያደርነው አይዋ ሙሄ ቤት ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው፤ የአማቷ ጎረቤት፣ ሙስሊም፣ ጢማቸው ሂና የተቀባ። «ከተካሰሳችሁት ከማናችሁም ወገን አይደለሁም፣ ስለዚህ የኔ ቤት እደሩ» አሉ። አልጋቸውን ለእኛ ለቀው እሳቸው መደብ ላይ ተኙ። ማሽላ ቂጣ በተልባ ቀረበልን። እህቴ ስትስል ሰምተው «ይኸ ሳል የስግደቱ ነው ወይስ ከዚያ በፊት ነው?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ በፊት ነው አለች።

እሑድ

ቅዳሴ ሲወጣ እማ ይመኙሻል ግቢ ተቀመጥን። አይዋ ሙሄ፣ ቄሱ፣ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ። ደሳለኝ እግሩ ሥር ያለውን መሬት እያየ። ዱዓ ተደረገ፣ አቡነ ዘበሰማያት ተደገመ። ቤዛ ከጓሮ ድምፅዋ ይሰማል፤ እናቷን እንዳታይ አንዲት ዘመድ ይዛታለች። አስናቀች ድምፁ ወደመጣበት አንገቷ ሲዞር አየሁ፣ መልሳ አቀናችው።

«ልጄ» አሉ ቄሱ፣ «ጥፋትሽን አምነሻል?»

«አምኛለሁ አባ።»

«ምን እንደበላች በአፏ ትናገረው» አሉ እማ ይመኙሻል። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ነጠላቸው አገጫቸው ድረስ ተጣፍቷል። «ከልጄ ማዕድ እየቀረበች፣ ገብርኤል ፊት እየቆመች፣ ምን ስትበላ እንደነበር ትናገረው።»

«ሥጋ…» አለች አስናቀች። ሳል ቀደማት። ወገቧ ታጠፈ። ማንም አልተነሳም፣ ደሳለኝም አልተነሳም፤ ሁሉም ሳሏ እንዲያበቃና እንድትቀጥል ጠበቀ።

ያኔ ነው መሐላዬን ያፈረስኩት።

«አልበላችም!» አልኩ።

«ተቀመጭ አንች ልጅ» አሉኝ ዝምተኛው ሽማግሌ።

«አልቀመጥም። እማ ይመኙሻል፣ የሸተተዎት የሰው ሥጋ ነው። ሐኪም ሲቀድ ደሙን የሚዘጋው በእሳት ነው፣ ሥጋው ይጨሳል፣ ክፍሉ መውጫ የለውም፣ ጭሱ እሷ ላይ ያድራል። ፀጉሯ ላይ ያሸተቱት ሳንባዋ ውስጥ ነው ያለው። የምትስለው እሱን ነው። ልጅዎ ደሳለኝም ያውቃል! ሥጋ በልቻለሁ በይ ያላት እሱ ነው!»

አጥር ላይ የነበረች ሴት «በስመ አብ!» አለች። ዝምተኛው ሽማግሌ ምራቃቸውን ተፉ። ቄሱ መስቀላቸውን ጨበጡ። አስናቀች አየችኝ፤ እንደዚያ ዓይነት አስተያየት ከእህቴ ዳግም እንዲደርሰኝ አልፈልግም።

እማ ይመኙሻል ግን እኔንም ልጃቸውንም አላዩም። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ነጠላቸው ሄደ፣ አንገታቸውን ገለጠው። ጉሮሯቸው ሥር ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ጠባሳ አለ። እንቅርት ነበረባቸው፤ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፣ ለምና ለምና እዚያው ሆስፒታል ወስዳ ያስወጣችላቸው አስናቀች ናት።

«የኔስ?» አሉ። «የኔም እንደዚህ ሸቷል?»

«እማዬ፣ ተይው» አለ ደሳለኝ። በዚያ ስብሰባ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። ምን ሲሸሽ እንደከረመ ያኔ ሁላችንም ገባን።

«አንተን አልጠየቅሁም። አንችን ነው። የዚያን ለት ቆመሽ ነበር?»

«ቆሜ ነበር እማ።»

«ሸቷል?»

«ሸቷል።»

«አንች ውስጥ ገባ?»

«ገባ።»

አይዋ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ታዲያ ይኸን ያህል ስትከሰሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር ነገ ማን ይታከማል አይዋ?» አለች። «የእማ እህት እንቅርቷ ትንፋሽ እየዘጋት ነው። አሁን ይህን ሰምታ ትመጣለች? ይኸው፣ አትመጣም።» ይህን ያለችው ወደ እኔ እያየች ነው።

መጨረሻ ላይ ቄሱ፣ ጾም ስላልተሻረ ቀኖናው ተነስቷል አሉ።

«የሰገደችውስ?» አልኩ። ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ቄሱ አሰቡበት። «ለሌላ ኃጢአቷ ይያዝላታል» አሉ። «ሰው ነን፣ አይጠፋም።»

አይዋ ሙሄ ሳቁን በጢማቸው ዋጡት። እኔ አልዋጥኩትም፤ አልሳቅሁምም።

እማ ይመኙሻል ራሳቸው ጓሮ ገብተው ቤዛን አመጡ፤ ጫማዋን አድርገውላት፣ ልብሷን በፌስታል አንጠልጥለው። ልጂቱ ሮጣ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። አስናቀች ጎንበስ ብላ የአማቷን ጉልበት ሳመች፤ ጉልበታቸውን አልከለከሉም። ጉንጫቸውን ልትስም ቀና ስትል ግን ፊታቸውን አዞሩ።

«ቂም አይደለም» አሉ፣ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ መልሰው እየጠመጠሙ። «ልጅሽን ውሰጅ። እኔ ግን… እስኪ ይርሳኝ።»

ከመንደሩ ስንወርድ ደሳለኝ ፌስታሉን ይዞ ከኋላ ይከተላል። እህቴ አላናገረችኝም፤ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ቤዛ የእኔን እጅ ይዛለች።

«አክስቴ» አለችኝ፣ «የሰው ሥጋ ይጠበሳል?»

አስናቀች ዞር ሳትል «ይኸው፣ አንቺ ነሽ የጀመርሽው፣ አንቺው መልሺላት» አለች።

እውነቱን ነገርኳት፤ ሌላ አላውቅበትም። ሐኪም የታመመ ሰው ሲቀድ ደም እንዳይፈስ በእሳት ይነካዋል፣ ሰውዬው ተኝቷል፣ አያመውም፣ ከዚያ ይድናል አልኳት። ጭሱ ግን እናትሽ ላይ ይሄዳል።

«ለምን ውጭ አይወጣም?»

«ማውጫ የለውም።»

«ለምን የለውም?»

እህቴ ቆመች። ዞረች። ስትጮኽ ሰምቻት የማላውቅ እህቴ፣ ስናገር ሁልጊዜ «ቀስ» የምትለኝ እህቴ፣ ፊቷ ደም መሰለ።

«አዎ፣ ለምን የለውም?» አለች። «እስኪ ለምን የለውም? አንድ እጅ ነው የጠየቅኩት! ቱቦ የሚይዝ አንድ እጅ! ውሃ ነው የጠየቅኩት፣ የምታጠብበት ውሃ! ወይባ እየታጠንሽ አድገሽ ይለኛል፣ እኔንም ብሎኛል ያ ሰውዬ! አንተስ!» ደሳለኝ ፌስታሉን ደረቱ ላይ አቀፈ። «እናትህ እንዳትደነግጥ ብለህ ያልበላሁትን ሥጋ አስበላኸኝ! ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ! በእናትህ ጭስ ልጄን ቀሙኝ፣ አንተ ቁጭ ብለህ መሬት ታያለህ!»

ከገደሉ ማዶ በሬ የጠመደ ገበሬ ማረሱን ትቶ ቀና አለ። ሳል መጣባት፣ እየሳለች ጮኸች፣ ሳሉ ሲያቋርጣት ካቆመችበት ቀጠለች። ሰኞ ተረኛ መሆኗን፣ አስተዳዳሪው ቢሮ በር ላይ ከነሥራ ልብሷ እንደምትቆም፣ ሽታውን ራሱ ጠረጴዛው ላይ ይዛለት እንደምትገባ፣ ያኔ ስለ ወይባ እንደሚያወሩ ተናገረች። ደሳለኝ «እኔም አብሬሽ እመጣለሁ» ሲላት «አንተ ዝም በል፣ ዝም ማለት ስታውቅበት ነበር» አለችው።

ውጫሌ እስክንደርስ አልበረደላትም። እኔም እንዲበርድላት አልፈለግሁም።